«ከምን አንጻር?» የኤሌክትሮድ ፖቴንሻልን ከአንድ ሪፈረንስ ወደ ሌላ እንዴት እንቀይር

አንድ ጊዜ በከረንትና በቮልቴጅ ግራፌ ላይ ያለ አንድ ፒክ ከቦታው 13 ሚሊቮልት ሸርተት አለብኝ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ምክንያቱን ስፈልግ ከረምኩ። ኤሌክትሮዱን ደጋግሜ ወለወልኩ። ኬሚካሉን ቀየርኩ። ቮልቴጁን የሚቆጣጠረውን መሣሪያ፣ ፖቴንሽዮስታቱንም ጠረጠርኩ። በመጨረሻ ጥፋቱ የራሴ ሆኖ ተገኘ። የሪፈረንስ ኤሌክትሮዴን (ሌላውን የምለካበትን መነሻ) አሮጌ ፈሳሽ ደፍቼ አዲስ ስሞላበት ያነሳሁት ጠርሙስ የተሳሳተ ነበር። ሳቹሬትድ፣ ማለትም ጨው የጠገበ፣ ፖታሽየም ክሎራይድ መግባት ሲገባው 3 ሞላር አስገብቻለሁ። የሁለቱ ልዩነት ልክ 13 ሚሊቮልት ነው።

ፖቴንሻልን ከአንድ ሪፈረንስ ወደ ሌላ መቀየር መደመርና መቀነስ ብቻ ነው። ሒሳቡን ልጅም ይሠራዋል። ሰው የሚሳሳተው የሚደመረውን ቁጥር ሲመርጥ ነው። ስለዚህ እዚህ ላይ ከቀመሩ ይልቅ ስለ ምርጫው ብዙ እናወራለን።

መጀመሪያ፣ ምኑን ነው የምንለካው?

ግድግዳ ላይ ምስማር ተመትቷል እንበል። ከወለሉ ብትለኩት 2 ሜትር ነው። 80 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ካለው ጠረጴዛ ላይ ብትለኩት 1.20 ሜትር ይሆናል። ምስማሩ አልተንቀሳቀሰም። የተቀየረው ሜትሩ የተነሳበት ቦታ ነው።

ፖቴንሻልም እንዲሁ ነው። የአንድን ኤሌክትሮድ ፖቴንሻል ለብቻው የሚለካ ቮልትሜትር የለም። ሁልጊዜ የሚለካው በሁለት ኤሌክትሮዶች መካከል ያለው ልዩነት ነው። አንደኛው የምናጠናው ነው። ሌላኛው ከቦታው የማይነቃነቅ መነሻ፣ ማለትም ሪፈረንስ ኤሌክትሮድ ነው።

የሁሉም ወለል ተብሎ የተመረጠው ስታንዳርድ ሃይድሮጅን ኤሌክትሮድ ነው። በምህጻረ ቃል ኤስኤችኢ እንለዋለን። የሃይድሮጅን አየን አክቲቪቲው (በፈሳሹ ውስጥ በተግባር የሚሠራው መጠኑ) 1፣ የሃይድሮጅን ጋዙ ግፊት 1 ባር ሲሆን ዋጋው 0 ቮልት ነው ተብሎ ተስማምተናል፤ ያውም በማንኛውም የሙቀት መጠን። በቆዩ መጻሕፍት ግፊቱ 1 አትሞስፌር ነበር። ልዩነቱ 0.17 ሚሊቮልት ገደማ ስለሆነ እንቅልፍ አይንሳችሁ። ኤንኤችኢ የሚል ስም ስታገኙም ብዙ ሰው ከኤስኤችኢ ጋር እንደ አንድ ነገር ይጠቀምበታል። በጥብቅ ካየነው ግን ኤንኤችኢ 1 ኖርማል አሲድ ያለበት የድሮው ኤሌክትሮድ ነው። በሁለቱ መካከል ጥቂት ሚሊቮልት ልዩነት አለ።

ችግሩ በኤስኤችኢ ማንም በቀጥታ አይሠራም። ጋዝ ይፈልጋል፣ ፕላቲነም ይፈልጋል፣ ደግሞም አክቲቪቲው 1 የሆነ አሲድ በንድፈ ሐሳብ እንጂ በቢከር ውስጥ አይገኝም። ስለዚህ በጠረጴዛው ላይ ቆመን እንለካለን፣ ከዚያ ወደ ወለሉ እንመልሰዋለን።

ደረጃ 1፦ የሪፈረንሱን ሙሉ ስም ጻፉ

«ከሲልቨር–ሲልቨር ክሎራይድ አንጻር» ብሎ ማቆም ሙሉ ስም አይደለም። የዚህ ኤሌክትሮድ ፖቴንሻል የሚወሰነው በውስጡ ባለው ክሎራይድ መጠን ነው። ክሎራይዱ ሲበዛ ፖቴንሻሉ ይወርዳል። በ25 ዲግሪ ሴልሺየስ ከኤስኤችኢ አንጻር እነዚህ ናቸው፦

በሳቹሬትድ ፖታሽየም ክሎራይድ፣ ማለትም ከታች ያልሟሟ ጨው እስኪታይ ሲሞላ፣ +0.197 ቮልት
በ3 ሞላር፣ +0.210 ቮልት
በ1 ሞላር፣ +0.235 ቮልት
በ0.1 ሞላር፣ +0.288 ቮልት

ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው 91 ሚሊቮልት ልዩነት አለ። ኤሌክትሮዱ ላይ ያለው ስም ግን የሁሉም አንድ ነው።

እዚህ ጋ አንድ ወጥመድ አለ። መማሪያ መጽሐፍ ስትገልጡ የዚህ ኤሌክትሮድ ስታንዳርድ ፖቴንሻል 0.222 ቮልት ነው ይላችኋል። እውነት ነው፤ ግን ያ የክሎራይድ አክቲቪቲ 1 ሲሆን ነው። 1 ሞላር ሲሆን አይደለም። በ1 ሞላር ፖታሽየም ክሎራይድ ውስጥ አክቲቪቲው 0.6 ገደማ ብቻ ስለሆነ ዋጋው ወደ 0.235 ከፍ ይላል። 0.222ን ሳቹሬትድ ለሞላው ኤሌክትሮድ የሚጠቀም ሰው ከመነሻው 25 ሚሊቮልት ስቷል።

ሌሎቹን ሪፈረንሶች በአጭሩ ልጥቀሳቸው። በሜርኩሪና በሜርኩረስ ክሎራይድ የሚሠራው ሳቹሬትድ ካሎሜል፣ በምህጻረ ቃል ኤስሲኢ፣ +0.241 ቮልት ነው። አንዳንድ ሠንጠረዥ 0.244 ይላል። በሁለቱ ፈሳሾች መገናኛ ላይ የሚፈጠረውን ትንሽ ፖቴንሻል ስለሚጨምር ነው። ሜርኩሪ–ሜርኩረስ ሰልፌት በሳቹሬትድ ፖታሽየም ሰልፌት ወደ +0.65 ነው። ዝገት ላይ የሚሠሩ ሰዎች የሚወዱት ኮፐር–ኮፐር ሰልፌት፣ ሳቹሬትድ ሲሆን፣ ወደ +0.316 ነው። ሜርኩሪ–ሜርኩሪ ኦክሳይድን ለብቻው እናየዋለን፤ እሱ ሌላ ታሪክ አለው።

ከሪፈረንሱ ስም ጋር ሦስት ነገር አብራችሁ ጻፉ፦ የመሙያ ፈሳሹን ዓይነትና መጠን፣ የሙቀት መጠኑን፣ የኤሌክትሮላይቱን (ሴሉ ውስጥ ያለውን የምትለኩበትን ፈሳሽ) ፒኤች። ማስታወሻ ደብተራችሁ ላይ በዚያው ዕለት ጻፉት። ከስድስት ወር በኋላ «ያን ጊዜ የሞላሁት 3 ሞላር ነበር ወይስ ሳቹሬትድ?» ብሎ ራስን መጠየቅ መልስ የለውም።

ደረጃ 2፦ ወደ ወለሉ ውረዱ፣ ከዚያ ወደ ፈለጋችሁት ጠረጴዛ ውጡ

ቀመሩ ይኸው፦

ንባብ ከኤስኤችኢ አንጻር = የተለካው ንባብ + የሪፈረንሱ ዋጋ

ከዚያ ወደ ሌላ ሪፈረንስ መሄድ ካሻችሁ፦

አዲሱ ንባብ = ንባብ ከኤስኤችኢ አንጻር − የአዲሱ ሪፈረንስ ዋጋ

በምሳሌ እንየው። በ3 ሞላር የተሞላ ሲልቨር ክሎራይድ ኤሌክትሮድ ይዛችሁ አንድ ሞገድ በ+0.250 ቮልት አገኛችሁ። ልታወዳድሩት የምትፈልጉት ጽሑፍ ደግሞ በኤስሲኢ ነው የጻፈው። መጀመሪያ 0.250 + 0.210 = 0.460 ቮልት ከኤስኤችኢ አንጻር። ቀጥሎ 0.460 − 0.241 = 0.219 ቮልት ከኤስሲኢ አንጻር። አለቀ።

አሁን ምልክቱን እንዳትሳሳቱ ምስማሩን አስታውሱ። ካሎሜል ከሲልቨር ክሎራይድ ከፍ ያለ ጠረጴዛ ነው። ከፍ ካለ ጠረጴዛ ላይ የተለካ ምስማር ቁጥሩ ያንሳል። 0.219 ከ0.250 ያነሰ ነው፣ ልክ ነው። ስሌቱን ጨርሳችሁ ይህን ሳትጠይቁ አትለፉ፦ የሄድኩት ወደ ከፍተኛው ነው ወይስ ወደ ዝቅተኛው? ወደ ከፍተኛው ሄዳችሁ ቁጥሩ ከጨመረ፣ የመደመሪያና የመቀነሻ ምልክት ተምታቶባችኋል።

ሰው የሚደናገረው ቁጥሩ ኔጌቲቭ ሲሆን ነው። በምድር የተቀበረ የብረት ቧንቧ እንዳይዝግ ሲጠበቅ በሰፊው የሚጠቀሰው መስፈርት −0.85 ቮልት ከኮፐር ሰልፌት አንጻር ነው። ይህ ከኤስኤችኢ ስንት ነው? −0.850 + 0.316 = −0.534። አያችሁ፣ እዚህም ያው መደመር ነው። ምስማሩ ከጠረጴዛው በታች ስለሆነ ብቻ ነው ቁጥሩ ኔጌቲቭ የሆነው። ወለሉም ከሱ በላይ ነው። ከሳቹሬትድ ሲልቨር ክሎራይድ ከሆነ −0.534 − 0.197 = −0.731 ይሆናል። በባህር ውሃ የሚሠራው ሲልቨር ክሎራይድ ደግሞ ወደ 0.25 ስለሆነ −0.78 ይመጣል፤ በተግባር −0.80 ተብሎ ይሠራበታል። «ኔጌቲቭ ስለሆነ ልቀንስ» የሚል ሰው −1.166 ያወጣና ቧንቧው ከሚፈለገው እጅግ ርቆ የሄደ ይመስለዋል።

ደረጃ 3፦ ፒኤች ሲገባበት

ውሃ መሰንጠቅ፣ የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሪዳክሽን (ኤሌክትሮን ሰጥቶ ወደ ሌላ ነገር መለወጥ)፣ ፊውል ሴል፦ እነዚህ ላይ የሚሠራ ሰው ውጤቱን በአርኤችኢ ይጽፋል። ሪቨርሲብል ሃይድሮጅን ኤሌክትሮድ ማለት ነው። ከኤስኤችኢ የሚለየው በአንድ ነገር ነው። ሃይድሮጅን ጋዙ ያው 1 ባር ነው፣ አሲዱ ግን አክቲቪቲው 1 የሆነው ሳይሆን እናንተ የምትሠሩበት ራሱ ኤሌክትሮላይቱ ነው።

ስለዚህ ወለሉ ራሱ ይንቀሳቀሳል። ፒኤች በ1 ሲጨምር የሃይድሮጅን ፖቴንሻል በ25 ዲግሪ 59.2 ሚሊቮልት ይወርዳል። ወለሉ ሲወርድ ከወለሉ የሚለካው ከፍታ ይጨምራል። ቀመሩ ከዚህ ይመጣል፦

ንባብ ከአርኤችኢ አንጻር = ንባብ ከኤስኤችኢ አንጻር + 0.0592 × ፒኤች

ለምን እንዲህ ይደረጋል? ብዙዎቹ የሃይድሮጅንና የኦክስጅን ሪአክሽኖች ከፒኤች ጋር እኩል ስለሚወርዱ ነው። በአርኤችኢ ሚዛን ሃይድሮጅን ሁሌም 0 ላይ፣ ኦክስጅን ሁሌም 1.229 ላይ ይቀመጣል። በአሲድም በቤዝም የተሠራን ሥራ ጎን ለጎን ማየት ይቻላል።

አደጋው ያለው ፒኤች የምትለው ቁጥር ላይ ነው። በ0.1 ሞላር ፖታሽየም ባይካርቦኔት ውስጥ የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሪዳክሽን እየሠራችሁ ነው እንበል። ሪፈረንሳችሁ የ3 ሞላሩ ሲልቨር ክሎራይድ ነው። የምትሠሩበት ፖቴንሻል −1.60 ቮልት ነው። ወደ ኤስኤችኢ −1.60 + 0.210 = −1.390።

አሁን ፒኤች ስንት ነው? ጠዋት ባይካርቦኔቱን በጥብጣችሁ ለካችሁት፤ 8.3 አለ። ደብተር ላይ ጻፋችሁት። ከዚያ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ለግማሽ ሰዓት አስገባችሁበት። ጋዙ ውሃ ውስጥ ሲሟሟ አሲድ ነው። ፒኤቹ ወደ 6.8 ወርዷል። ሙከራው የተሠራው በ6.8 ነው፣ ደብተሩ ላይ ያለው ግን 8.3።

በትክክለኛው ስንሠራው፦ 0.0592 × 6.8 = 0.403፣ ስለዚህ −1.390 + 0.403 = −0.987 ቮልት ከአርኤችኢ አንጻር። በደብተሩ ቁጥር ከሆነ፦ 0.0592 × 8.3 = 0.491፣ ስለዚህ −0.899። ልዩነቱ 88 ሚሊቮልት ነው። ከረንቱ በየ120 ሚሊቮልቱ 10 እጥፍ የሚያድግ ካታሊስት ላይ ይህ ስሕተት ከ5 እጥፍ በላይ የከረንት ልዩነት ያመጣል። በብዕር ብቻ ካታሊስቱን አምስት እጥፍ አሻሻላችሁት ማለት ነው!

ስለዚህ ፒኤች የሚለካው ጋዙ ጠግቦ፣ ሙከራው ሊጀመር ሲል ነው። ሲያልቅም አንዴ ድገሙት። ሌላም ነገር፦ ከረንት ሲበዛ በኤሌክትሮዱ ፊት ላይ ያለው ፒኤች ከቀረው ፈሳሽ ይለያል። ለቅየራው የምንጠቀመው የዋናውን ፈሳሽ ፒኤች ነው። የላይኛው ቆዳ ላይ ያለው ለውጥ ለሌላ ውይይት ይቆይ።

በጠንካራ አሲድ ሰዎች «ፒኤች 0 ነው» ብለው ያልፉታል። የ0.5 ሞላር ሰልፈሪክ አሲድ ግን ወደ 0.3 ይጠጋል። 18 ሚሊቮልት ገደማ ነው። የምታወዳድሩት ልዩነት 20 ሚሊቮልት ከሆነ ይህ ቀልድ አይደለም።

በጠንካራ ቤዝ ውስጥ የሚጠቅም አንድ አቋራጭ

ሰው ብዙ የሚጣላው እዚህ ነው። በ1 ሞላር ፖታሽየም ሃይድሮክሳይድ ውስጥ ኦክስጅን የሚያወጣ ካታሊስት ትለካላችሁ። ሪፈረንሱ ሜርኩሪ–ሜርኩሪ ኦክሳይድ ነው። ዋጋው ስንት ነው ብላችሁ ብትፈልጉ አንዱ 0.098 ይላል፣ ሌላው 0.118፣ ሌላው 0.140። ፒኤቹስ? አንዱ 14፣ ሌላው 13.9፣ ሌላው 13.6 ይላል። መስታወት ያለው የፒኤች መለኪያ እንዲህ ባለ ቤዝ ውስጥ በደንብ አያነብም፤ ዝቅ አድርጎ ነው የሚናገረው። ሁለት የማይታመኑ ቁጥሮች ስንደምር ምን እንደሚወጣ አስቡት።

መውጫው ቀላል ነው። ሜርኩሪ ኦክሳይድ ራሱ ከሃይድሮክሳይድ ጋር የሚሠራ ኤሌክትሮድ ነው። ፒኤች ሲጨምር እሱም ልክ እንደ ሃይድሮጅን በ59.2 ሚሊቮልት ይወርዳል። ጠረጴዛውና ወለሉ አብረው ይወርዳሉ ማለት ነው። በመካከላቸው ያለው ርቀት አይቀየርም። ያ ርቀት በ25 ዲግሪ 0.926 ቮልት ነው። ስለዚህ የኤሌክትሮዱ ውስጥ ያለው ፈሳሽና ሴሉ ውስጥ ያለው ኤሌክትሮላይት አንድ ዓይነት እስከሆነ ድረስ፦

ንባብ ከአርኤችኢ አንጻር = ንባብ ከሜርኩሪ ኦክሳይድ አንጻር + 0.926

ፒኤች አያስፈልግም። ሠንጠረዥ አያስፈልግም። ንባባችሁ 0.650 ከሆነ ከአርኤችኢ 1.576 ነው። ኦቨርፖቴንሻሉ፣ ማለትም ሪአክሽኑ ከሚገባው በላይ የጠየቀው ቮልቴጅ፣ 1.576 − 1.229 = 0.347 ቮልት። 0.140ንና 0.0592 × 14ን የደመረ ሰው ግን 1.619 ያገኛል፤ ኦቨርፖቴንሻሉም 0.390 ይሆንበታል። 43 ሚሊቮልት! ሁለት ካታሊስቶች የሚበላለጡባት ልዩነት ብዙ ጊዜ ከዚህ ያነሰች ናት።

ውስጡ 1 ሞላር፣ ሴሉ 0.1 ሞላር ከሆነ ግን አቋራጩ አይሠራም። ያኔ ወይ ፈሳሹን አመሳስሉት፣ ወይ ከታች እንደምነግራችሁ በሃይድሮጅን ለኩት።

በዚህ አጋጣሚ ሲልቨር ክሎራይድን ጠንካራ ቤዝ ውስጥ አትንከሩት። ሃይድሮክሳይድ በኤሌክትሮዱ ጫፍ ባለው ቀዳዳ ሰርጎ ይገባና ሲልቨሩ ላይ ኦክሳይድ ይሠራል። ንባቡ ቀስ እያለ ይንሸራተታል። ክሎራይዱም ወደ እናንተ ሴል ይፈስሳል። ፐርክሎሬት ባለበትም ተጠንቀቁ፦ ፖታሽየም ፐርክሎሬት ስለማይሟሟ ቀዳዳውን ይደፍነዋል። ሶዲየም ክሎራይድ መሙላት ይሻላል፤ ያኔ ግን የሪፈረንሱ ዋጋም የሶዲየም ክሎራይዱ እንጂ የፖታሽየሙ አይደለም።

የሬዚስታንሱ ኪሳራ ሌላ ጉዳይ ነው

በፈሳሹ ውስጥ የሚጠፋው ቮልቴጅ ከሪፈረንስ ቅየራ ጋር አይገናኝም፤ ግን ሁለቱን በአንድ መስመር ላይ ደባልቆ የሚጽፍ ሰው ብዙ ነው። 20 ሚሊአምፔር በ5 ኦም ሲያልፍ 0.1 ቮልት ይበላል። ይህን ስትቀንሱ የከረንቱን ምልክት አክብሩ፦ ለኦክሲዴሽን ንባቡ ይቀንሳል፣ ለሪዳክሽን ደግሞ ኔጌቲቭነቱ ይቀንሳል። የትኛው ይቅደም ለሚለው፣ ሒሳቡ መደመር ስለሆነ ቅደም ተከተሉ ለውጥ የለውም። መደረጉንና አለመደረጉን መጻፍ ግን ግድ ነው።

ሙቀት

እስካሁን ያልነው ሁሉ ለ25 ዲግሪ ነው። በሌላ ሙቀት ሦስት ቁጥሮች አብረው ይቀየራሉ።

አንደኛ፣ 0.0592 ቋሚ አይደለም። ከአብሶሉት ሙቀቱ ጋር ያድጋል፦ 0.0001984 በኬልቪን ማባዛት ነው። በ60 ዲግሪ 0.0661 ይሆናል። ፒኤች 13 ላይ ይህ ብቻውን 90 ሚሊቮልት ያህል ያመጣል። ሁለተኛ፣ ሪፈረንሱ ራሱ ይቀየራል። ሳቹሬትድ ሲልቨር ክሎራይድ በየዲግሪው ወደ 1 ሚሊቮልት ይወርዳል። ሦስተኛ፣ ፒኤቹም ይቀየራል። ንጹሕ ውሃ በ60 ዲግሪ ኒውትራል የሚሆነው በ7 ሳይሆን በ6.5 ገደማ ነው። የኦክስጅኑ 1.229 ደግሞ ወደ 1.20 ይወርዳል። 0.926ም የ25 ዲግሪ ቁጥር ነው።

በሞቀ ሴል ስትሠሩ ሪፈረንሱ ከውጭ በክፍል ሙቀት ላይ ተቀምጦ በጨው ድልድይ ቢገናኝስ? ይቻላል፤ ግን ድልድዩ ላይ ያለው የሙቀት ልዩነት የራሱን ፖቴንሻል ይጨምራል። እንደ እኔ ከሆነ ከ25 ዲግሪ ከራቃችሁ ሠንጠረዡን ተዉትና በቀጥታ ለኩ።

ውሃ የሌለበት ሶልቨንት

በአሴቶናይትራይል ወይም በዲክሎሮሜቴን የምትሠሩ ከሆነ እስካሁን ያልነውን ቀመር እርሱት። የውሃ ሪፈረንስ ኦርጋኒክ ሶልቨንት ውስጥ ሲነከር በመገናኛው ላይ የማይታወቅ ፖቴንሻል ይፈጠራል። ያንን በሠንጠረዥ ማረም አይቻልም። የሲልቨር ሽቦ ብቻውን ደግሞ ሪፈረንስ ነኝ ይበል እንጂ ዛሬና ነገ አንድ ቦታ አይገኝም።

መፍትሔው ፌሮሲን ነው፤ በቀላሉ ኤሌክትሮን የሚሰጥና መልሶ የሚቀበል ብረት ያለበት ኮምፓውንድ ነው። ዓለም አቀፉ የኬሚስትሪ ኅብረት አይዩፓክ በ1984 ባወጣው ምክር ውሃ በሌለበት ሶልቨንት የተለካ ፖቴንሻል ከፌሮሲን ወይም ከሌላ መሰል ውስጣዊ መለኪያ አንጻር እንዲጻፍ ብሏል። አሠራሩ እንዲህ ነው። መጀመሪያ የራሳችሁን ኮምፓውንድ ለብቻው ለኩ። ሲያልቅ እዚያው ሴል ውስጥ ትንሽ ፌሮሲን ጨምሩና ድገሙት። የፌሮሲንን ሁለት ፒኮች ደምራችሁ ለ2 አካፍሉ። ፒኮቹ 0.120 እና 0.050 ላይ ከሆኑ መሃሉ 0.085 ነው። ኮምፓውንዳችሁ በዚያው ሽቦ −1.240 ላይ ከነበረ፣ −1.240 − 0.085 = −1.325 ቮልት ከፌሮሲን አንጻር። ሽቦው ከሒሳቡ ወጣ፤ የት እንደነበረ ማወቅ እንኳ አላስፈለገም።

ፌሮሲን ከእናንተ ሞገድ ጋር ከተደራረበ ዴካሜቲልፌሮሲን ተጠቀሙ። በአሴቶናይትራይል ከፌሮሲን 0.5 ቮልት ያህል ዝቅ ይላል። ልዩነቱን ግን በራሳችሁ ሶልቨንት ለብቻ ለክታችሁ ያዙ።

«ፌሮሲን ከኤስሲኢ ስንት ነው?» የሚል ጥያቄ አይቀርም። በአሴቶናይትራይል ወደ 0.4 ቮልት ይጠቀሳል። ለግምት ይሆናል፤ ሦስት ዴሲማል ያለው ውጤት ለመጻፍ ግን አይሆንም። የሊቲየም ባትሪ ሰዎች የሚጠቀሙበት የሊቲየም ዋጋ፣ −3.04 ቮልት ከኤስኤችኢ አንጻር፣ እሱም የውሃ ሚዛን ቁጥር ነው። ከባትሪ ኤሌክትሮላይት ወደ ኤስኤችኢ በሱ መሻገር ግምት ብቻ ነው። የሴሚኮንዳክተር ባንዶችን ከቫክዩም አንጻር መጻፍ የሚፈልግ ሰው ደግሞ በኤስኤችኢና በቫክዩም መካከል ላለው ርቀት አይዩፓክ የሚመክረውን 4.44 ቮልት ይጠቀም። ከኤስኤችኢ −0.50 ላይ ያለ ባንድ −3.94 ኤሌክትሮን ቮልት ላይ ይቀመጣል።

ሠንጠረዡን ከማመን በፊት ኤሌክትሮዱን ጠይቁት

ሠንጠረዡ የሚነግራችሁ ጤናማ ኤሌክትሮድ ምን ማሳየት እንዳለበት ነው። የእናንተው ጤናማ መሆኑን አይነግራችሁም። ስለዚህ አንድ ኤሌክትሮድ ለይታችሁ ለሙከራ ሳትጠቀሙበት በንጹሕ ፖታሽየም ክሎራይድ ውስጥ አስቀምጡ። ዳኛችሁ እሱ ነው። ሳምንት ሳምንት ሌሎቹን ከሱ ጋር በአንድ ቢከር ጨው ውስጥ ነክራችሁ በመልቲሜትር ለኩ። አንድ ዓይነት ከሆኑ ልዩነቱ ከ5 ሚሊቮልት መብለጥ የለበትም። ዳኛው ሳቹሬትድ ሲልቨር ክሎራይድ፣ ተመርማሪው ካሎሜል ከሆነ 44 ሚሊቮልት አካባቢ ማየት አለባችሁ። ቁጥሩ ቆሞ ካልተረጋጋ መጀመሪያ ጫፉ ላይ የአየር አረፋ እንዳለ እዩ። በጣት ቀስ አድርጎ መታ መታ ማድረግ ብዙ ጊዜ ይበቃል።

ለአርኤችኢ ሥራ ከሁሉ የሚሻለው ቅየራውን ጨርሶ በልኬት መተካት ነው። የምትሠሩበትን ኤሌክትሮላይት ራሱን ውሰዱ። ንጹሕ የፕላቲነም ሽቦ እንደ ሥራ ኤሌክትሮድ፣ ሌላ ፕላቲነም እንደ ካውንተር (ከረንቱ የሚመለስበት ኤሌክትሮድ)፣ ሪፈረንሳችሁን በቦታው አድርጉ። ሃይድሮጅን ለ30 ደቂቃ አስገቡበት፤ በደንብ አየር በሚወጣበት ቦታ፣ ከእሳት ራቅ ብላችሁ። ከዚያ ሃይድሮጅን ይፈጠራል ከምትሉበት ነጥብ ግራና ቀኝ በሴኮንድ 1 ሚሊቮልት ፍጥነት ወዲያና ወዲህ ስካን አድርጉ። ከረንቱ 0ን በሚያቋርጥበት ቦታ ሁለት ቁጥር ታገኛላችሁ፣ አንድ በመሄድ አንድ በመመለስ። ሪፈረንሳችሁ ሜርኩሪ ኦክሳይድ ሆኖ አማካያቸው −0.924 ነው እንበል። ከዛሬ ጀምሮ በዚያ ኤሌክትሮላይት ንባባችሁ ላይ 0.924 ትደምራላችሁ። ፒኤች፣ ሙቀት፣ የመሙያ ፈሳሽ፣ የመገናኛ ፖቴንሻል ሁሉ ውስጡ ገብቷል።

የተለካው 0.924 ሆኖ ንድፈ ሐሳቡ 0.926 ቢል ደስ ይበላችሁ። 0.890 ካለ ግን ቁጥሩን ተቀብላችሁ አትሂዱ። ኤሌክትሮዱ ታሟል፣ ወይ ሃይድሮጅኑ አልጠገበም፣ ወይ ፕላቲነሙ ቆሽሿል። በዚያው ቅደም ተከተል ሳይሆን ከቀላሉ ጀምሩ፦ ፕላቲነሙን አጽዱ፣ ጋዙን አስረዝሙ፣ ከዚያ ኤሌክትሮዱን በዳኛው ፊት አቁሙት።

ስትጽፉት

የቅየራውን ሒሳብ በአንድ ዓረፍተ ነገር አስቀምጡት። ለምሳሌ እንዲህ፦ «ፖቴንሻሎቹ በ3 ሞላር ፖታሽየም ክሎራይድ ከተሞላ ሲልቨር–ሲልቨር ክሎራይድ አንጻር በ25 ዲግሪ ተለክተው፣ 0.210 ቮልትና 0.0592 × 6.8 በመደመር ወደ አርኤችኢ ተቀይረዋል፤ ፒኤች የተለካው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከጠገበ በኋላ ነው፤ የሬዚስታንስ እርማት አልተደረገም።» ሌላ ሰው በቁጥሮቻችሁ ባይስማማ እንኳ ወደ ኋላ ተመልሶ የራሱን መጠቀም ይችላል። ጥሬውን ንባብም አትጣሉት። እኔ ያቺን 13 ሚሊቮልት ላስተካክላት የቻልኩት የድሮዎቹን ፋይሎች ሳልቀይር ስላስቀመጥኳቸው ነው።